ያቆረ ደም፦ የጃፓን ካምፖ የወር አበባን ሕመም እንዴት ያነበዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሴቶች ጤና የተጻፈ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ጽሑፉ ጃፓናውያን የወር አበባን ሕመም ካምፖ በሚባለው ባህላዊ የዕፅዋት ሕክምናቸው እንዴት እንደሚያክሙ የሚያስረዳ ነበር። ገጹ ከሃያ የማይበልጥ፣ ዐረፍተ ነገሩም ቀላል ስለ ነበረ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ ተቀመጥሁ። ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል አስቆመኝና ሳምንቱን ሙሉ ከፊቱ ቆሜ ቀረሁ። ቃሉ «ኦኬትሱ» ይባላል።

የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ቃሉን በጃፓንኛነቱ ትቶ በግማሽ ዐረፍተ ነገር ፍቺ አልፎታል። ለእርሱ አንባቢ ይህ ይበቃ ይሆናል። አማርኛ ግን በሴት ደም ነገር ላይ ገለልተኛ ቋንቋ አይደለም። በዕለት ንግግራችን «የወር አበባ» እንላለን፤ በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ግን ያው ነገር «መርገም» ነው። አበባና መርገም በአንድ ቋንቋ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ተርጓሚውም አንዲት ቃል በመረጠ ቁጥር አንባቢዋን ወደ አንደኛው ደጃፍ ይገፋታል።

«ኬትሱ» ደም ነው። ከፊቱ የተቀመጠው «ኦ» ደግሞ መሄድ ሲገባው የቆመ፣ የታገደ ማለት ነው። «የረጋ ደም» ልበለው? የረጋ ደም ለዛሬ አንባቢ በደም ሥር ውስጥ የሚገኝ፣ ሳንባ ወይም አንጎል ደርሶ የሚገድል ነገር ነው፤ የካምፖ ሐኪም የሚለው ይህን አይደለም። «የሞተ ደም» ያስፈራል። «ቆሻሻ ደም» ብል ደግሞ ለአፍ ይቀናል፤ ማንም ሰው ሳያቅማማ ያነበዋል። ክፋቱም ይኸው ነው። በመጨረሻ ክረምት አልፎ በጉድጓድ ውስጥ የቀረው ውሃ ትዝ አለኝና «ያቆረ ደም» አልሁ። ያቆረ ውሃ በባሕርዩ ክፉ አይደለም፤ የሚፈስበት አጥቶ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የጃፓንን ታሪክ ይመልከት። ስለ «ደም ገንዳ» የሚናገር፣ ከቻይና የመጣ አንድ አጭር የቡድሂስት ጽሑፍ በመካከለኛው ዘመንና ከዚያም በኋላ በጃፓን ተሠራጭቶ፣ ሴቶች በደማቸው ምክንያት ከሞት በኋላ ወደ ደም ሐይቅ እንደሚወርዱ ሲያስተምር ኖሯል። በብዙ መንደሮችም ሴቲቱ በወር አበባዋ ሰሞን ተለይታ የምትቀመጥበት ጎጆ ነበር፤ የቤተ እስራኤልን የመርገም ጎጆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በዚያው አገር ሐኪሙ ያንኑ ደም ሲመለከት «ረክሷል» አላለም። «መንገዱ ተዘግቶበታል» አለ እንጂ። ከወር አበባ፣ ከወሊድና ከማረጥ ጋር የተያያዙትን የሴቶች ሕመሞች በጅምላ የሚጠሩበት የቆየ ስምም «ቺ ኖ ሚቺ» ነው፤ ፍቺው «የደም ጎዳና»። ካምፖን ማድነቅ የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከመድኃኒቱ በፊት ቋንቋው ነው የማረከኝ።

ነገር ግን በቋንቋ መማረክ ለሐያሲ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጽሑፎቹ ልግባ።

ካምፖ ማለት «የሃን ስልት» ማለት ነው፤ ሃን የቻይና ሥርወ መንግሥት ስም ነው። ጃፓናውያን ለዚህ ሕክምና የተለየ ስም ያስፈለጋቸው የኔዘርላንድስ ሕክምና ወደ አገራቸው ከገባ በኋላ ሁለቱን ለመለየት ነበር። ዕፅዋቱ ግን ከስሙ ይልቅ እጅግ የቆዩ ናቸው። እቴጌ ኮምዮ እ.ኤ.አ. በ756 ለናራ ታላቅ ቤተ መቅደስ በስጦታ ካስገባቻቸው ስድሳ መድኃኒቶች መካከል ቀረፋና ሊኮሪስ የተባለው ጣፋጭ ሥር ይገኛሉ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ በወር አበባ ሕመም መድኃኒቶች ውስጥ ይገባሉ።

የካምፖ መሠረት እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የኖረው የቻይናዊው ሐኪም የጃንግ ጆንግጂንግ ጽሑፍ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ ቶሎ የሚገባው ነገር እዚህ ላይ አለ፦ ንባቡ አጭር ነው፣ አንድምታው ግን ረጅም። ጃንግ አንድን ቀመም በሁለትና በሦስት መስመር ይገልጸዋል። ለምሳሌ ዛሬ ለወር አበባ ሕመም ስማቸው ቀድሞ የሚነሣውን ሁለቱን ቀመሞች ስናይ፣ አንደኛው ቶኪ-ሻኩያኩ-ሳን በመጀመሪያው ንባብ የታዘዘው ለነፍሰ ጡር ሴት የሆድ ሕመም ነው፤ በሌላ ቦታም ለሴቶች ልዩ ልዩ የሆድ ሕመም ተብሎ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ኬይሺ-ቡኩርዮ-ጋን ደግሞ በሆዷ ውስጥ እብጠት ላለባትና በእርግዝና ላይ ደም ለሚፈስሳት ሴት ነው። የፊተኛው ዱቄት በወይን ጠጅ ተበጥብጦ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ የኋለኛው በማር ተለውሶ የጥንቸል በጠጥ የሚያክል እንክብል ሆኖ ከምግብ በፊት ይዋጣል። በየወሩ ሆዷን ይዛ ስለምትታጠፍ ልጃገረድ በግልጽ የሚናገር መስመር የለም። እርሷን ወደ ንባቡ ያስገቧት ከጊዜ በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ናቸው።

ከእነዚህ ተርጓሚዎች ሁሉ ኃይለኛው ዮሺማሱ ቶዶ (1702–1773) ነው። ቶዶ የቻይናን የሕክምና ፍልስፍና በአብዛኛው አሽቀንጥሮ ጣለ፤ በእጅ የማይዳሰስ ነገር አይታመንም አለ። የጃንግን ቀመሞችም ከነበሩበት ቅደም ተከተል አውጥቶ በየዓይነታቸው ደለደላቸው። የሞትና የሕይወት ነገር የሰማይ ነው፣ የሐኪሙ ሥራ ሕመሙን መውጋት ብቻ ነው እስከ ማለት የደረሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም ጎረቤቴ ቢሆን ወደ ደጁ የምሄድ አይመስለኝም። ለካምፖ የተወለት ቅርስ ግን ትልቅ ነው፦ ሆድን በእጅ መመርመር። ሕመምተኛዋ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች። የአውሮፓ ሕክምና ጉልበት እንዲታጠፍ ያዝዛል፤ ካምፖ ግን እግር እንዲዘረጋ። ሐኪሙ ከእምብርት ጎንና ከእምብርት በታች በጣቱ ጫን ጫን እያለ ይፈልጋል። በዚያ ቦታ የሚጠነክርና ሲነኩት የሚያም ነገር ካገኘ፣ ያቆረ ደም አለ ይላል።

ከዚያ ጥያቄ ይቀጥላል። እግርሽ ይቀዘቅዛል? ፊትሽ ይግላል? ትከሻሽ ይከብዳል? ሆድሽ ይደርቃል? ሲመሽ እግርሽ ያብጣል? ሕመሙ የሚብሰው ደሙ ሳይመጣ ነው፣ ከመጣ በኋላ? ሲሞቅሽ ይሻልሻል? እነዚህን ጥያቄዎች ስተረጉም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ የተኛሁበት አልጋ ታወሰኝ። በዚያ ዘመን ከእናቴ እስከ ክሊኒኩ ነርስ የሰማሁት መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ «ስትወልጂ ይተውሻል»። ይህን መልስ በክፋት የሰጠኝ ሰው አልነበረም። እናቴም ያንኑ ሰምታ ያደገች ናት። ግን መልስ ሆኖ ቆየ እንጂ ጥያቄ አልነበረም። እግሬ ይቅዘቅዝ፣ ትከሻዬ ይክበድ፣ የጠየቀኝ የለም። ካምፖ ምንም ባያድን እንኳ ይጠይቃል።

ነገር ግን እነዚያ ሁሉ ጥያቄዎች ወዴት ያደርሳሉ? ወደ ሥዕል ያደርሳሉ። ካምፖ «ሾ» የሚለው አለ፤ በአንዲት ሕመምተኛ ላይ የሚታዩት ምልክቶች ተሰብስበው የሚሰጡት አንድ መልክ ነው። ሕክምናው የሚታዘዘው ለበሽታው ስም ሳይሆን ለዚህ መልክ ነው። ስለዚህም እያንዳንዱ ቀመም የራሱ ሴት አለችው፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ እንደ ልቦለድ ገጸ ባሕርያት ተሥለው ይገኛሉ።

የቶኪ-ሻኩያኩ-ሳን ሴት ነጣ ያለች፣ ቀጠን ያለች፣ እጅና እግሯ የሚቀዘቅዝ፣ ቶሎ የምትደክምና ራሷን የሚያዞራት ናት፤ ሆዷ ለስላሳ ነው። ስድስት ዕፅዋት ይሰጧታል፤ ከእነርሱም አንዱ ቶኪ የተባለው የአንጄሊካ ሥር ነው፤ ምርጡ በናራ አውራጃ ይበቅላል። የኬይሺ-ቡኩርዮ-ጋን ሴት ደግሞ ደልደል ያለች፣ ፊቷ የሚቀላ፣ ከላይ እየጋለች ከታች የምትቀዘቅዝ፣ ትከሻዋ የሚጠነክር ናት፤ ለእርሷ ቀረፋ፣ የኮክ አስኳል፣ የሁለት ዓይነት ፒዮኒ ሥርና በጥድ ሥር የሚበቅል እንጉዳይ በእኩል ይመጠናሉ። ከእርሷም የበረታችው፣ ሆዷ የሚደርቅባትና የምትቆጣው፣ ሩባርብና የማስቀመጫ ጨው ያለበትን ቶካኩ-ጆኪ-ቶን ትጠጣለች። ካሚ-ሾዮ-ሳን የሚታዘዝላት ደግሞ የምትበሳጭ፣ እንቅልፍ የሚነሣት፣ ስሞታዋ ከቀን ቀን የሚለዋወጥ ሴት ናት።

እንደ ጽሑፍ ካየናቸው እነዚህ ሥዕሎች ድንቅ ናቸው። በአራት መስመር አንዲት ሴት በር ከፍታ ስትገባ ትታያለች። እንደ ሕክምና ስናያቸው ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የጃፓን ሐኪሞች የቶኪ-ሻኩያኩ-ሳኗን ሴት «ቶሻኩ-ቢጂን» ይሏታል፤ የዚህ ቀመም ቆንጆ ማለት ነው። ነጭ፣ ቀጭን፣ ደካማ፣ ስለዚህም ቆንጆ! ይህ የሕመም ምልክት ነው ወይስ የዘመኑ ወንድ የወደዳት ሴት ምስል? ካሚ-ሾዮ-ሳን ላይ ነገሩ ይብሳል፤ የሴቲቱ ስሞታ መብዛት ራሱ ምልክት ሆኗል። በተናገረች ቁጥር ለቀመሙ ይበልጥ ትመቻለች። የሚሰማት ጆሮ አገኘች ስንል የምትናገረው ነገር ቀድሞ ተጽፎ ቆይቷታል። ጥሩ ሐኪም ከሥዕሉ አልፎ ሴቲቱን እንደሚያይ አምናለሁ፤ ጥሩ አንባቢም እንዲሁ ያደርጋል። መጥፎ አንባቢ ግን ሥዕሉን ይዞ ሴቲቱን ይረሳል።

ከሁሉ የምወደው ሥዕል የሌለውን ነው። ሻኩያኩ-ካንዞ-ቶ ሁለት ነገር ብቻ አለበት፤ የፒዮኒ ሥርና ሊኮሪስ፣ በእኩል። ነጭ ናት ቀይ፣ ቀጭን ናት ወፍራም አይልም ማለት ይቻላል፤ የሚጨመድድ ጡንቻ ካለ ይበቃዋል። ለእግር ቁርጥማትም ለማሕፀን ቁርጠትም ያው ነው። በሌላው ሁሉ ላይ ቃል ከሚያበዛ ትውፊት እንዲህ ያለ ዝምታ መውጣቱ ያስደንቃል።

እንግዲህ እነዚህ ቀመሞች ዛሬ በምን መልክ ይገኛሉ? የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1874 ባወጣው ሕግ የሐኪምነት ፈቃድ በምዕራባዊ ሕክምና ፈተና ላይ እንዲመሠረት አደረገ፤ በ1895ም የጃፓን ምክር ቤት የካምፖ ሐኪሞችን አቤቱታ ጣለው። ትውፊቱ የቀረው በጥቂት ሐኪሞች ቆራጥነትና በመድኃኒት ሻጮች ዘንድ ነው። ከእነዚህ ሻጮች መካከል የጹሙራ ቤት ታሪክ ከጉዳያችን ጋር ይሄዳል። ቤቱ በ1893 በቶኪዮ ሲከፈት ይሸጥ የነበረው ቹጆቶ የተባለ የሴቶች መድኃኒት ነበር፤ ስሙ በአፈ ታሪክ ከምትታወቀው የስምንተኛው መቶ ዘመን እመቤት ከቹጆ-ሂሜ ጋር ይያያዛል። ሠራተኞቹ የመድኃኒቱን ትራፊ ወደ ቤት ወስደው በገላ መታጠቢያ ውሃቸው ውስጥ ሲጨምሩት ሰውነት እንደሚያሞቅ አስተዋሉ፤ በ1897ም ቤቱ ያንን ራሱን የመታጠቢያ መድኃኒት አድርጎ ሸጠው። ለወር አበባ ሕመም የተቀመመው ቅጠልና ሥር ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚታጠብበት ሆነ!

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀመሞቹ ተቀቅለው፣ ደርቀው፣ በትንንሽ ከረጢት ታሸጉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ብዙዎቹ በብሔራዊው የጤና መድን ውስጥ ገቡ፤ ዛሬ በመድኑ የሚሸፈኑት 148 ናቸው። ከ2001 ጀምሮም ካምፖ በሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ተካቷል። የካምፖ ሐኪም የሚባል የተለየ ፈቃድ የለም፤ ኢቡፕሮፌንን የመሰለ ክኒን የሚጽፈው ሐኪም ያንኑ ወረቀት ገልብጦ የካምፖ ከረጢት ያዝዛል። ከረጢቶቹም ቁጥር አላቸው። ቶኪ-ሻኩያኩ-ሳን 23፣ ካሚ-ሾዮ-ሳን 24፣ ኬይሺ-ቡኩርዮ-ጋን 25። ሦስቱ የሴቶች ቀመሞች በመደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል።

በዚህ ላይ የእኔ ሂስ የጎላ ነው። የካምፖ ክብር በረጅሙ ጥያቄና በሆድ ላይ በምታርፈው እጅ ነበር። ሥራ የበዛበት ሐኪም በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ነጣ ያለች ናት፣ 23» ሲል የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው። ጆሮው ሄዶ መልኩ ተረፈ።

መድኃኒቱስ ይሠራል? እዚህ ላይ ግጥም መቆም አለበት። ሌላ በሽታ ሳይኖር የሚመጣው የወር አበባ ሕመም ዋና ምክንያት ይታወቃል፤ ማሕፀን ሽፋኑን ሲጥል ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ይመነጩና ጡንቻውን ያኮማትሩታል፤ ወደ እርሱ የሚሄደውም ደም ያንሳል። አንዳንድ የካምፖ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ «ያቆረ ደም ያልነው ይህንኑ አይደለምን?» ይላሉ። አይደለም። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ሁለት ዕውቀቶች አንድ አይሆኑም፤ ተርጓሚ ሁሉ በዚህ ወጥመድ አንድ ጊዜ ሳይወድቅ አልቀረም። ፕሮስታግላንዲንን የሚያግዱት ኢቡፕሮፌንን የመሰሉ መድኃኒቶች ከ5,800 በላይ ሴቶች በተሳተፉባቸው 80 ጥናቶች ተመዝነው ጠቃሚነታቸው ታይቷል፤ ይህ ግምገማ የወጣው በ2015 ነው። ስለ ቻይና የዕፅዋት ቀመሞች በ2008 የወጣው ተመሳሳይ ግምገማ ደግሞ 39 ጥናቶችንና 3,475 ሴቶችን አይቶ ውጤቱ ተስፋ እንደሚሰጥ፣ የጥናቶቹ ጥራት ግን ዝቅተኛ በመሆኑ በጥንቃቄ እንዲታይ ጽፏል። በጃፓን በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ቶኪ-ሻኩያኩ-ሳንን ከሐሰተኛ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ የሕመሙ መቀነስ ለእውነተኛው ቀመም አደላ፤ ሴቶቹ ግን 40 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ከመጀመሪያው ለቀመሙ የሚስማማ መልክ አላቸው ተብለው የተመረጡ ናቸው። እኔ ይህን ሳነብ ደስታና ጥርጣሬ እኩል ይይዙኛል። ምናልባት ሥዕሉ ልክ ነው፤ ምናልባትም 40 ሴቶች ለአንድ ሥዕል ጥቂት ናቸው።

የዕፅዋት መሆናቸውም ከጉዳት አያድናቸውም። ሊኮሪስ ሲበዛ ፖታሲየምን ያወርዳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በብዙ ቀመሞች ውስጥ ስላለ ሁለት ከረጢት የምትወስድ ሴት ሳታውቀው እጥፍ ትጠጣለች። በካሚ-ሾዮ-ሳን ውስጥ ያለው የጋርዴኒያ ፍሬ ለዓመታት ሲወሰድ የአንጀትን የደም ሥሮች ሊያደርቅ እንደሚችል የጃፓን ሐኪሞች ራሳቸው ጽፈዋል።

ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ጃፓን አነስተኛ መጠን ያለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የፈቀደችው በ1999 ነው፤ አሜሪካ ክኒን ከፈቀደች ወደ አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል። ያ ክኒን ለወር አበባ ሕመምም ጥሩ መድኃኒት ነው። የ1947ቱ የሥራ ሕግም ወር አበባዋ ለከበደባት ሠራተኛ ዕረፍት ይፈቅዳል፤ በ2020 በተደረገው የመንግሥት ጥናት ግን ተጠቃሚዎቹ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ክኒኑ በዘገየበት፣ ዕረፍቱም በወረቀት በቀረበት አገር ከረጢት ቁጥር 23 የብዙ ሴቶች ዝምታ መሸፈኛ ሆኖ ቢያገለግል አይገርምም።

ወደዚያ ወደ ትርጉም ሥራዬ ልመለስ። ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ስለ መልክ፣ ስለ ቅዝቃዜና ስለ ያቆረ ደም ሃያ ገጽ ሲናገር፣ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ አንድም ቃል የለውም። ይህ የማሕፀን ሽፋንን የመሰለ ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ ነው፤ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል፤ ብዙዎቹም ስሙን እስኪሰሙ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። «ያቆረ ደም» የተባለው ቃል ይህንንም ሊያቅፍ ይችላል፤ ሁሉን የሚያቅፍ ቃል ግን አንዱን ከሌላው አይለይም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ከግርጌ ልጨምር ብዬ ጠየቅሁ። አሳታሚዎቹ «በዋናው ጽሑፍ የሌለ አይጨመርም» አሉኝ። የተርጓሚ ሕግ ነውና ልከራከር አልቻልሁም። ጽሑፉ ታተመ፤ «ያቆረ ደም» ያልሁትንም አርታኢው ሳይነግረኝ «ቆሻሻ ደም» አድርጎት ወጣ።

ያች ያልታተመች ዐረፍተ ነገር ይህች ናት፦ ሕመምሽ ከዓመት ዓመት የሚብስ፣ በማስታገሻ የማይታገስ፣ ከወር አበባሽ ቀን ውጭም የሚመጣ፣ በግንኙነት ወይም በመጸዳዳት ጊዜ የሚያስጮህ ከሆነ፣ ነጣ ያልሽ ሁኚ ቀይ፣ ቀጭን ሁኚ ወፍራም፣ ከረጢቱን ከመቅደድሽ በፊት ማሕፀንሽን የሚመረምር ሐኪም ዘንድ ሂጂ።